ላዕልና ታሕት

ባሕሩ ከረጋ፣ ሦስት ወር አለፈው፤
መስኮቱን በረዶ፣ እንደ ሞራ ሸፈነው።
ራውኒ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አንጠልጥላ
በእርሳስ ትቆጥራለች፤
«አንብብልኝ» ትላለች፤
«ስም እንዳትዘል! የሞተን ልጅ ሁለት ጊዜ አትግደል» ትላለች።

አነባለሁ።
የኩርኪሳሪ ደብር፣ ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ አምስት።
በግራ የተጠመቀ፣ በቀኝ የተቀበረ፤
በመካከል ቀጭን መስመር፣
ስንቱ ሕፃን በሳምንቱ ያቺን መስመር ተሻገረ!
ምክንያት፦ «ሳል»። ምክንያት፦ «ፈንጣጣ»። ምክንያት፦ «ያልታወቀ»።
ከዚያ የቄሱ እጅ ደከመ፤
«እንደ ላይኛው»፣ «እንደ ላይኛው» እያለ ገጹን ዘለቀ።

ራውኒ ክፍልፋይ ትሠራለች፦
የሞቱትን ላዕል፣ የተወለዱትን ታሕት።
ከሺህ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት።
አየሁት ያን አጻጻፍ፤ ነገሩ ተገልብጧል፤
አፈር የተጫነው፣ ከላይ ተቀምጧል፤
በእግሩ የሚሄደው፣ ከመስመሩ በታች፣ እሱን ተሸክሟል።
ሳይጠመቅ የሞተው፣ ስም ስላልነበረው
ላዕል አልተቀበለው፣ ታሕትም አልቆጠረው።
ለእሱ በኅዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገች፤
በጣም ትንሽ ምልክት።

«ይህን ያህል ለምን?» አልሁ።
«ቀንድ» አለችኝ።

በዚያ ባሕር ዳርቻ፣ ሣር አጨዳ ሲደርስ፣
እናት ማጭድ ይዛ ወደ ደሴቶቹ ስትገሠግሥ፣
ሕፃኑ ከአልጋው፣ በአፉ የላም ቀንድ፣
ጫፉ የተበሳ፣ የጡት ምትክ ይሆን ዘንድ፤
ወተቱ ያደረ፣ ቀንዱ ያልታጠበ፤
የእናቱ ጡት ሜዳ ሲፈስ፣ እሱ ኮምጣጣ ሳበ።
ላሟ ሳትወጋው
ቀንዷ ገደለው።

በኋላ ኬርቱ መጣች፤ አዋላጅ ናት፣ ጀልባ የማትፈራ፣
«ቀንዱን ስበሩት!» እያለች፣ በየደጁ የምትጣራ።
አንዱ ሳቀባት፣ አንዱ ውሻ ለቀቀባት፤
አንዷ ግን ሰማቻት፤
የዚያችም ልጅ ዳዴ ሲል፣ ጎረቤቷ ቀናችባት።
መቶ ዓመት አለፈ፦ ሁለት መቶ አርባ አንድ።
ሌላ መቶ ዓመት፦ ሠላሳ።
በግራፉ ላይ ጣቴን ቁልቁል ነዳሁት፤
ሲወርድ ደስ የሚል ነገር፣
ከዓመቱ መጀመሪያ በረዶ ሌላ፣ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ድሮስ ለምደውት የለ?» አልኋት፤
«ብዙ ይወለዳል፣ ብዙ ይሞታል፤
እንባ ለስንቱ ይበቃል?»

አልመለሰችልኝም።
ሌላ መዝገብ አወጣች፤ የደብሩን ገቢና ወጪ፣
የሰሙን፣ የአጃውን፣ የዓሣውን አሥራት።
ጣቷን አሳረፈች።
ቫልፑሪ፣ የመረብ ሠሪው ሚስት፦
ለልጇ ለሲግፍሪድ የደወል፣ አንድ ሙዳ ቅቤ።
በሁለተኛው ዓመት
ለልጇ ለሲግፍሪድ የደወል፣ አንድ ሙዳ ቅቤ።
በአራተኛው፣ እህል በጠፋበት፣ ሰው የዛፍ ልጥ ፈጭቶ በበላበት፣
ለልጇ ለሲግፍሪድ . . .
ስሙን እየመለሰች፣ ልጁን እየሸኘች፣
ከሌለው ጓዳዋ፣ ቅቤ እያወጣች።

«የለመደ ሰው» አለች ራውኒ
«ለሦስተኛ ጊዜ ደወል አይገዛም።»
መዝገቡን ዘጋችው። አቧራው አስነጠሰኝ።

የዘንድሮውን የአውራጃችንን እኔ ሠራሁት።
ዕድሜ ለክትባት፣ ዕድሜ ለሳሙና፣ ዕድሜ ለኬርቱ፣
ከሺህ ሁለት።
ደስ ብሎኝ፣ ደመቅ አድርጌ ጻፍሁት፦ «ሁለት ብቻ»።

ራውኒ ላጲስ አነሣች፤
ሁለትን ተወችው፣
ብቻን ፋቀችው።
«ብቻዋን የቀረች እናት ታነበው ይሆናል» አለችና
ካፖርቷን ለብሳ፣ መብራቱን ለእኔ ትታ ወጣች።

የላጲሱ ፍርፋሪ ወረቀቱ ላይ ቀርቷል።
እፍ ልለው ጎንበስ አልሁ፤
ተውሁት።